ሻሺቱ ለምን አልያዘችም?

ጥያቄው የመጣው ከጂማ፣ ከጊንጆ ነው። የተጻፈው ግንቦት 10 ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። ከሁሉም በላይ የምትታለበው ሻሺቱ የምንላት ክልስ ፍሪዥያን ናት። ጥር 5 ሌሊት ሦስተኛ ጥጃዋን ወለደች። ወንድ ነው፤ በጣም ትልቅ ስለነበር በገመድ ስበን ነው ያወጣነው። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። በማግስቱ ያውቃል የተባለ ሰው መጥቶ በእጁ ጎትቶ አወጣላትና ሁለት ትልልቅ ክኒን ማህፀኗ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ለሳምንት ያህል ትሸት ነበር፤ መብላትም ቀንሳ ነበር። በኋላ ተሻላት። የካቲት 23፣ መጋቢት 14 እና ሚያዝያ 26 አስዳቀልኳት። ሁለቱ አልያዙም፤ ሦስተኛውም የያዘ አይመስለኝም። በመጨረሻው ጊዜ አዳቃዩ ፈሳሿ ላይ ነጫጭ ነገር አይቶ ‹ማህፀኗ ጀርም አለበት› አለኝ። ጎረቤቴ ‹ሆርሞን አስወጊያት› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹ለሥጋ እንሽጣት› ይላል። እንደገና ክኒን ላስጨምርላት? ወተቷስ ለልጆቼ ጉዳት የለውም?»

እህቴ፣ ቀኖቹን ጽፈው ስለያዙ አመሰግናለሁ። ከአሥር ጠያቂ ዘጠኙ «ባለፈው ሰሞን» ነው የሚለኝ። የእርስዎ ቀኖች ግማሹን ሥራ ሠርተውልኛል።

መጀመሪያ አስቸኳዩን ልበል። አሁን ምንም ሆርሞን አያስወጓት። ጎረቤትዎ የሚሉት መርፌ ፕሮስታግላንዲን ነው። ኮርማ እንድትፈልግ ያደርጋል፤ እርጉዝ ከሆነች ግን ያስወርዳታል። ሻሺቱ የተዳቀለችው ሚያዝያ 26 ነው። ላም በ21 ቀን ነው ተመልሳ የምትፈልገው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍንጭ የሚታየው ግንቦት 17 አካባቢ ነው። «የያዘ አይመስለኝም» ብለዋል፤ ግን ገና አልታወቀም። ለአንድ ሳምንት ትዕግሥት ማጣት ጥጃ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

አሁን ወደ «ጀርም አለበት» እንምጣ።

አዳቃዩ አልተሳሳተም። ግን ነገሩ ከዚያ ሰፋ ይላል። አንዲት ላም ስትወልድ የማህፀኗ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። ማህፀኗ በዚያን ሰዓት ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ውስጡ ቁስል ነው፤ ደምና የሽፋን ቁርጥራጭ ሞልቶታል። ከኋላዋ እበት አለ፣ ጭቃ አለ፣ የእኛ እጅ አለ። እና ተህዋሲያን ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ማህፀናቸው ቢመረመር ከሞላ ጎደል ሁሉም ላሞች ተህዋሲያን ይገኝባቸዋል። በጣም ንጹሕ በረት ያላት፣ ያለምንም ችግር የወለደች ላምም ብትሆን። ስለዚህ «ጀርም አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምደንም። «አጽድታ አውጥታዋለች ወይ?» ነው ዋናው።

ጤነኛ ላም ታጸዳዋለች። በአንድ ወር ውስጥ ያ 9 ኪሎ የነበረ ማህፀን ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። በ40 ቀን ገደማ የውስጥ ሽፋኑ ታድሶ ያልቃል። እስከዚያ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀይ ቡናማ፣ ወፈር ያለ፣ የማይሸት ፈሳሽ ብታዩ አትደንግጡ። የወሊድ ማጽጃ ነው። ሰው «ደም ፈሰሳት» ብሎ መድኃኒት ሊገዛ የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

መደንገጥ ያለብን ሲሸት ነው። ቀጠን ያለ፣ እንደ ሥጋ እጣቢ ቀይ ቡናማ የሆነ፣ በረቱን የሚያውድ ፈሳሽ። ከዚያ ጋር ትኩሳቷ ከ39.5 በላይ ከሆነ፣ መብላት ካቆመች፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ወተቷ ከወረደ፣ ይህ የማህፀን ብግነት ነው። ብዙውን ጊዜ ከወለደች በ10 ቀን ውስጥ ይመጣል። ሻሺቱ ያን ሳምንት የነበራት ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። «በኋላ ተሻላት» ብለዋል። ተሻላት ማለት ግን ጸዳች ማለት አይደለም። ትኩሳቱ ሄደ፣ መብላት ጀመረች፣ ውስጥ ያለው ግን ቀረ።

ውስጥ ማን ነው የቀረው? ታሪኩ ደስ ይላል፤ ትንሽ ልንገርዎ። መጀመሪያ የሚመጣው ኢ. ኮላይ ነው። ከእበት የሚመጣ ተራ ተህዋሲ ነው። እሱ በመጀመሪያው ሳምንት ሽፋኑን ይጎዳና ለሌሎች በር ይከፍታል። ከኋላው ፉዞባክቴሪየም የሚባሉትና አየር የማይወዱ ጓደኞቻቸው ይከተላሉ፤ ሽታው የእነሱ ነው። በመጨረሻ ትሩፔሬላ ፓዮጂንስ ይሰፍራል። ፓዮጂንስ ማለት «መግል አምጪ» ማለት ነው። ይህ ተህዋሲ የማህፀኑን ሴሎች የሚበሳ መርዝ ያመነጫል። ላይኛው ሽፋን ደህና ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ ሽፋኑ ከተላጠ ግን ከሥር ያሉትን ሴሎች ያገኛቸዋል። ስሙ በእኔ ዕድሜ ሁለቴ ተቀይሯል። ተማሪ ሳለን አክቲኖማይሲስ አሉን፤ ከዚያ አርካኖባክቴሪየም ሆነ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትሩፔሬላ። መግሉ ግን ያው መግል ነው።

ተመራማሪዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተህዋሲያኑን በዘረመላቸው መቁጠር ጀምረዋል። ያገኙት ነገር እኔንም አስገርሞኛል። በወለዱበት ቀን የምትታመመውና የማትታመመው ላም ማህፀን ብዙም አይለያይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። በታመመችው ላይ ጥቂት ዓይነቶች ይበዙና ሌሎቹን ይገፋሉ። ስለዚህ «በረቴ ቆሻሻ ስለሆነ ነው» ብለው ራስዎን ብቻ አይውቀሱ። ንጽሕና ይረዳል። ግን ያቺ ላም በዚያ ሰሞን የነበራት አቅም ከንጽሕናው ባልተናነሰ ይወስናል።

አቅም ስል ምን ማለቴ ነው? ላም ልትወልድ ስትል መብላት ትቀንሳለች። ልክ በዚያ ሰዓት ወተት መሥራት ትጀምራለች። እንገሩ ብቻውን ከደሟ ብዙ ካልሲየም ይጎትታል። ካልሲየም ሲያንስ የማህፀኑ ጡንቻ አይጨመቅም። ነጭ የደም ሴሎቿም ሰነፎች ይሆናሉ። እነዚህ ሴሎች ደግሞ ሁለት ሥራ አለባቸው። አንዱ ተህዋሲ መብላት ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ እንግዴ ልጁን ማላቀቅ።

እንግዴ ልጅ ከማህፀን ጋር የሚያያዘው በአንድ ቦታ አይደለም። ከ70 እስከ 120 በሚደርሱ አዝራር መሰል መያያዣዎች ነው። ሲወለድ የላሟ ነጭ ሴሎች «ይህ ባዕድ ነው» ብለው እነዚህን አዝራሮች መፍታት አለባቸው። ደህና ከሆኑ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወድቃል። ከ24 ሰዓት ካለፈ «ቀረ» እንላለን። ስለዚህ እንግዴ ልጅ ሲቀር ብዙውን ጊዜ አዝራር ፈቺዎቹ ደክመው ነው። ያው የደከሙት ሴሎች ናቸው ተህዋሲያኑንም ሊዋጉ የነበሩት። እንግዴ ልጅ የቀረባት ላም በኋላ ማህፀኗ የሚታመመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

እና አሁን ያልተፈቱ አዝራሮችን እጅ ገብቶ ሲጎትት አስቡት።

ይህን በሰው ላይ ፈርጄ አልናገርም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። እንደተመረቅኩ በሰቃ ጨቆርሳ መንገድ አንድ ቤት ተጠራሁ። ዝናብ ነበር። ላሟ በሁለተኛ ቀኗ ናት፤ እንግዴ ልጁ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል። የቤቱ አባት፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያየኛል። «ጠብቁ» ብል ማን ሐኪም ይለኛል? እጄን እስከ ትከሻ ከትቼ አንድ በአንድ እየፈታሁ፣ ሲያስቸግረኝ እየሳብኩ፣ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ወጣ። ተጨበጨበልኝ። ቡና ተፈላልኝ። ሽታው ከክንዴ ሦስት ቀን አልለቀቀም፤ በሎሚ ብል፣ በቡና አተላ ብል፣ ወይ ፍንክች። በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ፤ ላሟ 41 ትኩሳት ይዟት ተኝታለች። ተረፈች፣ ግን ወተቷ አልተመለሰም። አባትየው ምንም አልተናገሩኝም። ዝም ማለታቸው ነው የከበደኝ።

አሁን ምን አደርጋለሁ? መሬት እንዳይነካ የተንጠለጠለውን አሳጥሬ እቆርጣለሁ፣ ትኩሳቷን በየቀኑ አስለካለሁ፣ እጠብቃለሁ። በሳምንት፣ ቢበዛ በ10 ቀን በስብሶ ራሱ ይወድቃል። አስቀያሚ ነው፣ ይሸታል። ትኩሳት ከሌላትና ከበላች ግን አንቲባዮቲክም አያስፈልጋትም። ትኩሳት ሲመጣ በሥጋ የሚወጋ አንቲባዮቲክ፣ በሙሉ መጠኑ፣ ለታዘዘው ቀን ሁሉ። ሁለት ቀን ወግቶ «ተሻላት» ብሎ ማቆም የለም።

ክኒኑስ? ማህፀን ውስጥ የሚከተቱት ትልልቅ ክኒኖች አብዛኞቹ ቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ናቸው። በዚያ ሁሉ ደምና ብስባሽ መሃል እንደልብ አይሠሩም። ሽፋኑን ያስቆጣሉ። እጅ በገባ ቁጥር አዲስ ተህዋሲ ይገባል። ደግሞ ወደ ወተት ይሻገራሉ። ስለዚህ «እንደገና ክኒን ላስጨምርላት?» ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። በተለይ አሁን፣ እርግዝናው ባልታወቀበት፣ ማንም ማህፀኗ ውስጥ ምንም አይክተት።

አሁን ወደ ቀኖችዎ ልመለስ። ጥር 5 ወልዳ የካቲት 23 ስትዳቀል 48 ቀኗ ነው። እንዲህ ያለ ወሊድ ላሳለፈች ላም ፈጥኗል። ጤነኛዋን እንኳን እስከ 60 ቀን ብንጠብቃት ጥሩ ነው። መጋቢት 14 ተመልሳ ፈለገች፤ ልክ 21 ቀን። ይህ የሚለኝ ኦቫሪዋ (እንቁላል ማምረቻዋ) በሰዓቱ እየሠራ መሆኑን ነው፤ ደስ ይላል። አንድም እንቁላሉ አልጸነሰም፣ አልያም ሽሉ በአራተኛ በአምስተኛ ቀኑ ወደ ማህፀን ሲወርድ የተቆጣ ቤት ጠብቆት ሞቷል። ላይ ላዩን ሁለቱ አይለዩም።

ከመጋቢት 14 እስከ ሚያዝያ 26 ግን 42 ቀን ነው። ሁለት ጊዜ 21። ወይ መሃል ላይ ሚያዝያ 5 አካባቢ ፈልጋ ሳትታይ አልፋለች፣ ወይ ይዛ ነበርና ሽሉ ዘግይቶ ሞቶባታል። በክልስ ላሞች ፍላጎቱ የጥቂት ሰዓታት ነገር ነው። ሌሊት ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ሊያልቅ ይችላል። እርስዎ ደግሞ ወተት ልታደርሱ ስትወጡ ማን ያያታል? እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ያው ግምት ነው።

በመጨረሻው ጊዜ አዳቃዩ ያየው ነጫጭ ነገር ቁልፉ ነው። ኮርማ የምትፈልግ ላም ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለ፣ የሚሳብ፣ ሽታ የሌለው መሆን አለበት። እኛ ደረጃ እንሰጠዋለን። ጥርት ያለው ዜሮ ነው። ጥርት ብሎ ጥቂት ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት አንድ ነው። መግሉ ከግማሽ በታች ከሆነ ሁለት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት። የሻሺቱ ከገለጹት ተነስቼ አንድ ይመስለኛል። ቀላሉ ነው። ያም ቢሆን ከወለደች ከሦስት ወር በላይ ሆኗት መታየት አልነበረበትም። ነጭ ነጠብጣብ ባየ ጊዜ አዳቃዩ ዘሩን ባያባክን ጥሩ ነበር። ግን ደመወዙም ስሙም በማዳቀል ነው፤ መልሶ መሄድ ይከብደዋል። ሲመጣ አስቀድመው «ፈሳሿን አሳየኝ» ይበሉት፤ የመተው ፈቃዱን እርስዎ ይስጡት።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ከግንቦት 15 እስከ 19 ጠዋትና ማታ፣ ሲቻል ከመተኛትዎ በፊትም አንዴ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቆመው ይዩዋት። እያለቡ አይደለም፤ ቆመው። ሌላ ላም ሲወጣባት ዝም ብላ ከቆመች ፈልጋለች። ጠዋት የተኛችበትን መሬት ይዩ። መግል ካለ ስትተኛ ገፍቶ ይወጣና እዚያው ይንጠባጠባል፤ ጅራቷ ሥርም ደርቆ ይለጠፋል።

ከፈለገችና ፈሳሹ ጥርት ካለ አስዳቅሏት። ጠዋት ያዩዋትን ወደ ማታ፣ ማታ ያዩዋትን በማግስቱ ጠዋት። (በሁለተኛው ቀን ጅራቷ ላይ ትንሽ ደም ቢያዩ አትሸበሩ፤ ፍላጎቱ ማለፉን ብቻ ነው የሚናገረው።)

ከፈለገችና ነጫጩ ካለ አታስዳቅሏት። ፍላጎቱ ራሱ መድኃኒት ነው። በዚያን ቀን የማህፀኑ በር ይከፈታል፣ ጡንቻው ይጨመቃል፣ የመከላከያ ሴሎቿ ይነቃሉ። አንድ ፍላጎት ሳትዳቀል ብታልፍ ብቻዋን ልታጸዳ ትችላለች። አለመያዟ ስለታወቀ ከዚህ በኋላ ሆርሞኑም ጥቅም አለው። ሐኪም መርምሮ ኦቫሪዋ ላይ ቢጫ አካል (እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚበቅል፣ እርግዝናን የሚጠብቅ ሆርሞን የሚሠራ) ካገኘ ፕሮስታግላንዲን ይወጋታል፣ በሁለት ሳምንት ይደግማል። በየጊዜው ስትፈልግ ትጸዳለች። ለማህፀን ተብሎ የተዘጋጀ ሴፋፒሪን የሚባል አንቲባዮቲክም አለ፤ ከተገኘ በሐኪም እጅ ጥሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ፕሮስታግላንዲን በቆዳ ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም አስም ያለበት ሰው ሲሪንጁን እንዳይነካ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ከበረቱ ትራቅ።

ካልፈለገችስ? ደስ ሊልዎት ነው፤ ግን ትንሽ ይቆዩ። ላም ኮርማ መፈለግ የምታቆመው ሲይዝላት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ማህፀኑ መግል ይሞላና በሩ ይዘጋል፤ ቢጫው አካል አልፈርስ ይላል፤ ሰውነቷ «እርጉዝ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ሰው ወራት ጠብቆ መግል ያገኛል። ስለዚህ ሰኔ 26 አካባቢ፣ ሁለት ወር ሲሞላት፣ በእጅ ትመርመር። እስከዚያ ጅራቷ ሥር መግል ካዩ ሰኔን አትጠብቁ።

ፈሳሹ ጥርት ብሎም ደጋግማ ካልያዘች ደግሞ ድብቁ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መግል የለም፣ ብግነት ግን አለ። ይህ በዓይን አይታይም። በትንሽ ብሩሽ ከማህፀን ናሙና ተወስዶ ነጭ ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ውስጥ መኖር ለዚህ ጊዜ ነው የሚጠቅመው፤ የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ጠይቁ። የማዳቀያውን ያህል ላቦራቶሪውን የሚያስታውስ ባለ ላም ብዙ አላጋጠመኝም።

የጎረቤት ኮርማ ለማስጠቃት የሚያስቡ ካሉ፦ አዳቃይ ሲያቅት ኮርማ ይሞከር የሚለውን አውቃለሁ። ያልተመረመረ ኮርማ ከላም ላም የሚያመላልሳቸው የብልት በሽታዎች አሉ፤ ዋናው ምልክታቸው ደግሞ ደጋግሞ አለመያዝ ነው። አንድ ችግር ለማውጣት ሌላ መጨመር ይሆናል።

ወተቱን በተመለከተ። የማህፀኗ ነጠብጣብ ወተቱን አይበክለውም፤ ጡቷና ጅራቷ ታጥቦ ከታለበች። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንግዴ ልጅ መቅረትና ማስወረድ አንዳንዴ ብሩሴላ የሚባለው ተህዋሲ የሚያመጣው በሽታ፣ የብሩሴሎሲስ፣ ምልክት ነው። የሻሺቱ በከባድ ወሊድ የመጣ ይመስለኛል፤ በገመድ የተሳበ ትልቅ ጥጃ በቂ ምክንያት ነው። ቢሆንም የደም ምርመራው ቀላል ነው፤ ሦስቱንም ላሞች አስመርምሩ። በተለይ ከሦስቱ አንዷ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት አስወርዳ ከሆነ። ብሩሴላ ወደ ሰው ይሻገራል። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ብዙ ሰው ወባ ነው ብሎ ይታከማል። የሚሻገረው ባልተፈላ ወተትና በባዶ እጅ በተነካ እንግዴ ልጅ ነው። የሻሺቱን እንግዴ ልጅ ያወጣው ሰው ጓንት አድርጎ ነበር? ካላደረገና ሰሞኑን ትኩሳት ካለው፣ ክሊኒክ ሲሄድ «የላም እንግዴ ልጅ ነክቻለሁ» ብሎ ይንገር።

ስለዚህ ለልጆች ወተቱ ይፍላ። እርጎም ከሆነ መጀመሪያ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በእርሾ ይረጋ። በነገራችን ላይ፣ ጥር ላይ ክኒኑ ከገባ በኋላ እርጎው አልረጋ ብሎዎት ነበር? አንዳንድ እናቶች ይህን ነግረውኛል፤ «ቡዳ በላው» የሚሉም አሉ። እርጎ የሚያረጋው ተህዋሲ ነው፤ አንቲባዮቲክ በወተቱ ካለ ይገድለዋል። ስለዚህ ላም መድኃኒት ስትወስድ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የማቆያ ቀን እስኪያልፍ ወተቷ አይጠጣም፣ ለካፌም አይሸጥ። የሚደፋ ወተት ያማል፣ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ያለ ምክንያት መድኃኒት የማልወደው።

ባለቤትዎ «እንሽጣት» ማለታቸውን አልነቅፍም፤ መኖ ውድ ነው። ግን አሁን እየታለበች ናት፣ ዑደቷ እየሠራ ነው፣ ነጠብጣቧ ቀላሉ ነው። እኔ ብሆን እስከ መስከረም ጊዜ እሰጣት ነበር። በሰኔው ምርመራ ማህፀኗና ቧንቧዎቹ ተጣብቀው ከተገኙ ግን አባወራው ትክክል ናቸው። ያኔ ገንዘብ ማፍሰስ የለም።

ሌሎቹ ሁለት ላሞችም ይወልዳሉ። ለእነሱ የማልለቀው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የመጨረሻው ሦስት ሳምንት ነው። ወተት ስላቆመች ጭድ ብቻ ይበቃታል አይባልም። ፉርሽካና ፋጉሎ በትንሽ በትንሹ ይጀመርላት፤ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ይኑራት። ግን አትወፍርም። ወፍራም ላም ስትወልድ መብላት ታቆማለች፤ ያቺ ነች ማህፀኗ የሚታመመው። ሁለተኛው ደረቅ ቦታ ነው። የጂማን ክረምት ለእርስዎ አልነግርም፤ በረቱ ከሰኔ ጀምሮ ጭቃ ነው። ከበረቱ አንድ ጥግ ከፍ አድርገው ደረቅ ጭድ ያንጥፉ፤ ሲረጥብ ይቀየር። የወሊድ ገመዱ ይቀቀል። የሚረዳው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ጓንት ያድርግ። ላሟ በራሷ እያማጠች ከሆነ ቶሎ አትሳቡ። እንግዴ ልጁ በጥልቅ ይቀበር፤ ለውሻ አይሰጥ። ውሻ በሽታውን ከግቢ ግቢ ያዞረዋል።

ቴርሞሜትርም ይግዙ። ከአንድ ዙር ማዳቀል የሚበልጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ከወለደች በኋላ ለ10 ቀን በየጠዋቱ ከማለብዎ በፊት በፊንጢጣዋ ይለኩ፤ ጫፉ እበት ውስጥ እንዳይቀር ከፊንጢጣዋ ግድግዳ ጋር ይነካካ። 38 ነጥብ ምናምን ከሆነ ሂዱና ቡናችሁን ጠጡ። 39.5 ካለፈ ሐኪም ጥሩ፤ እንግዴ ልጁ ባይወድቅም ቢወድቅም።

ለጊዜው ግን ሻሺቱ ናት። ከግንቦት 17 ጀምሮ ያዩትን ይጻፉልኝ፤ ፈለገች ወይስ አልፈለገችም፣ ፈሳሹ ጠራ ወይስ ነጭ ነበረበት። ፎቶ ካነሱ ደግሞ ጥቁር ነገር ላይ አድርገው ያንሱት፤ ነጩ እንዲለይ።